የፍርደኛው ወንበሮች

ወንድሜን በሠፈራችን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሥራ ይዘውለት የሚመጡት እንኳ «ፍርደኛው አለ?» እያሉ ነው በሩን የሚያንኳኩት። በር ሲወላገድባቸው ፍርደኛው፣ ቁም ሳጥን አልዘጋ ሲላቸው ፍርደኛው። ሠርቶ ሲወጣ ደግሞ ማንኪያቸውን ይቆጥራሉ። መቁጠራቸውን የማውቀው ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነና የማንኪያ ድምፅ ስለሚሰማ ነው። አንድም ማንኪያ ጎድሎ አያውቅም። ቢሆንም በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ይቆጥራሉ።

ያጠፋውን አልደብቅም። በሃያ አራት ዓመቱ ከአንድ ሰው ጋር በረባ ባልረባው ተጣላና እጁ የገባለትን ጣውላ አንስቶ መታው። የሰውየው አንድ ዓይን ጠፋ። ወንድሜ ሰባት ዓመት ተፈረደበት፤ ሰባቱንም ጨርሶ ወጣ። በወጣ ቀን መጀመሪያ የሄደው ወደ እኔ ቤት ሳይሆን ወደዚያ ሰው ቤት ነበር። ሁለት ጊዜ በሩን ዘጉበት። በሦስተኛው ሰውየው ራሱ ከፈተና «ይሄ በር ሲከፈት ይጮኻል፤ ማጠፊያውን እይልኝ እስቲ» አለው። ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው ስለ ዓይን ሲነገር አልሰማሁም። ያ በር ግን እስከ ዛሬ አይጮኽም።

አናጢነቱን የተማረው እዚያው እስር ቤት ነው። ያስተማሩት ሽማግሌ «አባ ውኃ ልክ» ይባሉ ነበር። ውኃ ልክ ማለት አናጢዎች የጠረጴዛ መስተካከልን የሚያዩበት፣ በውስጡ ጠብታ አየር የሚንሳፈፍበት መሣሪያ ነው። ሽማግሌው ግን መሣሪያውን አይፈልጉትም ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ጣውላው ላይ ያሳርፉና «በዚህ በኩል አንድ ፀጉር ያህል ወርዷል» ይላሉ። ሲለካም እውነት ነው።

በዚያ ወርክሾፕ አንድ ሕግ ነበር። ሚስማር አይገባም። መጋዝና መሮ ማታ ማታ ተቆጥረው ሳጥን ይገባሉ፤ ሚስማር ግን ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ ተስሎም ሰው ይወጋል ተብሎ ተከልክሏል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ያለ ሚስማር ነበር የሚሠሩት። የአንዱን እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ይቀርጹታል፤ በሌላው ላይ ልክ እርሱን የሚያህል ጉድጓድ ይፈለፍላሉ፤ ያጋጥሙና ከጎን በስተው በእንጨት ችንካር ያስሩታል። እንዲህ የተሠራ ወንበር ሰው ቢቆምበትም አይነቃነቅም። ጨርሰው ሲያበቁ ሠሪው የእስረኛ ቁጥሩን ከመቀመጫው ሥር በጋለ ብረት ይተኩሳል። ወንበሩ ቢላቀቅ ማን እንደሠራው እንዲታወቅ ነው። አባ ውኃ ልክ አንድ መቶ አሥራ ሰባት ነበሩ። ወንድሜ አራት መቶ ሁለት።

እኔ የምሠራው በእጅ ባለሙያዎች ማኅበር አዳራሽ ነው። እጠርጋለሁ፣ እወለውላለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ሻይ አቀርባለሁ። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ወንበሮችና አንድ ባለ ክንድ ትልቅ ወንበር አሉ። ትልቁ የሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ ቀለም ነጋዴ ነው፤ የእጅ ባለሙያዎች ሊቀመንበር ይሁን እንጂ እጁ ላይ ከቀለበት በቀር ምንም ምልክት የለም። ወንበሮቹ የተገዙት ከአንድ ነጋዴ ሲሆን ነጋዴው «የውጭ ናቸው» ብሎታል። እርሱም ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ሲናገር አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

«እስቲ ሚስማር ፈልጉበት!» ይላል ወንበሩን እየዳበሰ። «አንድ ሚስማር አታገኙም። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ የት ያውቃል? ይሄ የውጭ እጅ ነው።»

ወለል ስወለውል ወንበሮቹን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ስለምሰቅላቸው ከሥራቸው ያሉትን ቁጥሮች አውቃቸው ነበር። ምን እንደሆኑ ግን አላውቅም ነበር። ወንድሜ በተፈታ ዓመት አንድ ቀን ሊያግዘኝ መጣ። አራት ወንበሮች ገልብጦ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከዚያ እርጥብ ወለል ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ይሄ የእኔ ነው» አለኝ።

ዞሮ ዞሮ ዘጠኝ የራሱን አገኘ። ትልቁ ወንበር ሥር ሁለት ቁጥር ነበረበት። አባ ውኃ ልክ ጀምረውት ታመሙ፤ እዚያው አረፉ፤ ወንድሜ ጨረሰው።

«ለሊቀመንበሩ ልንገረው?» ስለው ደነገጠ።

«ተይ እባክሽ! የእስረኛ ሥራ መሆኑን ካወቁ ለማገዶ ይፈልጡታል። አፍሽን ያዢልኝ።»

እኔም ያዝኩ። አፍ መያዝ ለእኔ ከባድ ነገር አይደለም።

ከአዳራሹ ጀርባ ማኅበሩ የሠራቸው ሼዶች አሉ። ወንድሜ አንዷን ይዞ ስምንት ዓመት ሠርቶባታል። መሣሪያው፣ እንጨቱ፣ የሥራ ጠረጴዛው ሁሉ እዚያ ነው። የእኔ ክፍል አንድ አልጋና አንድ ምድጃ ስለሆነች መሮ የሚሰቀልበት ቦታ እንኳ የላትም። ሼዷን ካጣ አናጢነቱ አበቃ ማለት ነው፤ ማንም ቤቱ አስቀምጦ እንደማያሠራው ማንኪያ ቆጣሪዎቹ ነግረውናል።

ዘንድሮ ሼድ የሚሰጠው ለአባል ብቻ ነው ተባለ። ወንድሜም ማመልከቻ አስገባ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለችውን ሼድ የያዘው የብየዳ ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ግድግዳውን አፍርሶ ወደ ወንድሜ በኩል መስፋት ካማረው ቆይቷል። ማኅበሩ ደንብ እንዳለው፣ በደንቡም ውስጥ «ፍርደኛ የማኅበሩ አባል ሊሆን አይችልም» የሚል መስመር እንዳለ ያስታወሰው እርሱ ነው። በሕይወቱ ያነበበው አንድ መስመር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ደንቡን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጸሐፊው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ሳይጠየቅም ያስተምራል። ወንድሜ ከኋላ ረድፍ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዤ በሩ ሥር ቆምኩ።

«ጥያቄው አጭር ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ይህ ሰው ፍርደኛ ነው ወይስ አይደለም?»

«ፍርዱን ጨርሶ የለ እንዴ?» አለ ከአባላቱ አንዱ፣ ጫማ ሰፊው።

መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ ተነሣ። «ቃሉን ከሥሩ እንመርምረው» አለ። መምህሩ ከሥሩ ካልመረመረ ውኃም አይጠጣም። «‹እስረኛ› ከማሰር የመጣ ነው። ሰውየው የተፈታ ዕለት እስረኛነቱ ያበቃል። ‹ታራሚ› ከማረም ነው፤ ማሳ እንደምናርም፣ ደብተር እንደምናርም ማለት ነው። ታርሞ ሲያልቅ እርሱም ያልቃል። ‹ጥፋተኛ› ከመጥፋት ነው፤ የጠፋ ደግሞ ሊገኝ ይችላል። ‹ፍርደኛ› ግን ከፍርድ ነው። ፍርድ ይጻፋል፤ ተጽፎም መዝገብ ቤት ይቀመጣል። ወረቀቱ እስካለ ድረስ ሰውየው ፍርደኛ ነው።»

«ወረቀቱን አይጥ ቢበላውስ?» አለ ጫማ ሰፊው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። «የአይጥ ጉዳይ በደንቡ አልተጠቀሰም» አለና ጻፈው።

ወንድሜ ሳይነሣ በቀስታ ጠየቀ። «መምህር፣ ፈረሰኛ ፈረሱ ከሞተ በኋላም ፈረሰኛ ነው?»

መምህሩ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። «ከርዕሱ ውጭ ነው» አለ በመጨረሻ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ ያን ቀን እስከ ግድግዳው ድረስ ታየኝ።

«ሠላሳ ስድስት ቅን ሰዎች በተቀመጡበት አዳራሽ» ሲል ጀመረ ሊቀመንበሩ ድምፁን አውፍሮ፣ ወደ ኋላም ደገፍ አለ። ያኔ ትልቁ ወንበር ሲጢጥ አለ። ደግሞ ተንቀሳቀሰ፤ ደግሞ ሲጢጥ አለ። «ምን ሆነች ይቺ?»

ባለብየዳው እንደ ፌንጣ ዘለለ። «እኔ አለሁ ጋሼ! አንድ ሚስማር ብቻ ናት የምትፈልገው!» መዶሻውን ከየት እንዳመጣው አላየሁም፤ ሚስማሩ ከኪሱ ወጣ። ሊቀመንበሩ ብድግ አለለት። ባለብየዳውም የወንበሩ ክንድ ከእግሩ የሚጋጠምበት ላይ ጧ! ጧ! አደረገ። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ድምፁን ሁላችንም ሰማን። ባለብየዳው ብቻ አልሰማም። «ተቀመጥ ጋሼ፣ አሁን ዝሆንም ይችላል» አለ።

ሊቀመንበሩ ተቀመጠ። የሚስማሩ ጫፍ በጎን ወጥቶ ነበር። እጅ አውጡ ሊል ብድግ ሲል ሱሪው ከጭኑ እስከ ጉልበቱ ተርርር ብሎ ተቀደደ። ሠላሳ ስድስት ቅን ሰዎች ኮርኒስ ኮርኒሱን አዩ። እኔ ማንቆርቆሪያዬን አየሁ።

«ገና አልገባም ማለት ነው» አለ ባለብየዳው ላብ በላብ ሆኖ። ሌላ ሚስማር አውጥቶ መዶሻውን ከፍ አደረገ።

ወንድሜ ተነሣ። በሦስት እርምጃ ደርሶ የሰውየውን እጅ አየር ላይ ያዘው።

ሁሉም የሚያስበውን አወቅሁ፤ እኔም ለአንድ አፍታ አሰብኩት፣ ይቅር ይበለኝ። ያ እጅ ሰባት ዓመት የከፈለ እጅ ነው። ወንድሜ ግን መዶሻውን ከባለብየዳው ጣቶች አንድ በአንድ አስለቅቆ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው መሬት ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ሚስማር አይወድም» አለ።

ወንበሩን ገለበጠው። ሚስማሩን በጉጠት ነቀለ። የላላውን ችንካር በአውራ ጣቱ ገፍቶ አወጣና ለሊቀመንበሩ አሳየው፤ ደርቆ ቀጥኗል። ከደረት ኪሱ ቁራጭ እንጨትና ትንሽ ቢላዋ አውጥቶ፣ ማንንም ሳያይ አዲስ ችንካር ይቀርጽ ጀመር። ሥራ ሲይዝ ሰው ይረሳል። የሚጠብቁት ሰዎች መሆናቸውን፣ የሚጠብቁትም እርሱን ለማባረር መሆኑን የረሳ ይመስለኛል።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ከመቀመጫው ሥር አነበበ። «አንድ መቶ አሥራ ሰባት። አራት መቶ ሁለት።»

«የፋብሪካው ቁጥር ነው» አለ ሊቀመንበሩ የተቀደደ ሱሪውን በደንቡ ሸፍኖ።

«አራት መቶ ሁለት እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ፣ ከችንካሩ ዓይኑን ሳያነሣ።

ከዚያ የሆነውን ዘርዝሬ ለመጻፍ ያሳፍረኛል። ጫማ ሰፊው ወንበሩን ገለበጠ፤ ሌላውም ገለበጠ፤ ሁሉም ገለበጡ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተደላድለው የተቀመጡበትን ወንበር አሁን ትኋን እንዳለበት ፍራሽ በሁለት ጣት ያዙት። አንዱ ልብስ ሰፊ «የእኔን የሠራው ሌባ ነው ነፍሰ ገዳይ?» ብሎ ወንድሜን ጠየቀው። በቁም ነገር ነው የጠየቀው! ወንድሜ ቁጥሩን አየት አደረገና «ሌባ ነው። የነፍሰ ገዳዮቹ ከፊት ረድፍ ናቸው» አለው። የፊት ረድፍ ሰዎች ቆመው ቀሩ።

ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ፤ ወንድሜ ግን ስንጥቁን ደፍኖ ወንበሩን አስተካክሎ ሳይጨርስ አልወጣም።

ሊቀመንበሩን ያስጨነቀው የወንድሜ ነገር አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት ከከተማው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ፤ የየማኅበሩን አዳራሽ አይተው ለሚመርጡት የምስጋና የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። እርሱ ደግሞ «አዳራሻችን በውጭ አገር ዕቃ የተደራጀ ነው» ብሎ ጽፎላቸዋል። በማግስቱ ወንድሜን ቢሮው አስጠራው። እኔ የቆሻሻ ቅርጫቱን ልደፋ ገብቼ ነበር፤ እኔን ሰው ሲያወራ እንደ ቅርጫቱ ነው የሚቆጥረኝ።

«ስማ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለው። «ቁጥሮቹን ሁሉ በመላጊያ ልገህ አጥፋልኝ። አፍህንም ዝጋ። አባል ትሆናለህ፣ ሼዷም ያንተ ናት።»

ወንድሜ ትንሽ አሰበ። «የእኔን ዛሬውኑ አጠፋለሁ። የሌሎቹንም አጠፋለሁ፤ አብዛኞቹ ተፈትተው በየቤታቸው አሉ፤ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ መቶ አሥራ ሰባትን ግን አልነካም።»

«ለምን?»

«ሽማግሌው ከዚያ አልወጡም። የተቀበሩበት ቦታ ስማቸው አልተጻፈም። ከእርሳቸው የቀረው ይህ ነው።»

«አንድ ቁጥር እኮ ነው፣ አንተ ሰው!»

«ልክ ነው፣ አንድ ቁጥር ነው» አለ ወንድሜ።

«እንግዲያው ዓርብ ጠዋት የሼዷን ቁልፍ አምጣ።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልረዳው ሼዷ ሄድኩ። መሮዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ሳጥን ውስጥ ይደረድራል፤ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ። ባለብየዳው መለኪያ ሜትር ይዞ በመካከላችን ያልፋል፣ ያገድማል። «እግርሽን አንሺልኝ እማማ» አለኝ፤ የቆምኩበትን መሬት ሊለካ። እግሬን አነሣሁለት። ምን ላድርግ?

«እትዬ፣ ምንም አትበይ» አለኝ ወንድሜ።

«መች ተናገርኩ?»

«ፊትሽ እየተናገረ ነው።»

እውነቱን ልናገር። ሐሙስ ጠዋት የሠራሁት ሁልጊዜ የምሠራውን ነው። ወለል ሲወለወል ወንበር ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ይሰቀላል፤ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው ያደረግሁት። ያን ቀን ልዩ የሆነው አንድ ሰዓት ዘግይቼ መጀመሬ ብቻ ነው። ውኃም ትንሽ በዛ። ትልቁን ወንበር ብቻዬን ማንሣት ከብዶኝ በሁለት ትንፋሽ ነው የሰቀልኩት፤ ከፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ በአዲስ ሱሪ «እንግዲህ ይህ ነው አዳራሻችን» እያለ ገባ። ሠላሳ ሰባት ወንበሮች እግራቸውን ወደ ሰማይ፣ ቁጥራቸውን ወደ እንግዳ አድርገው ጠበቁት።

«እማማ! ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ወለሉ አልደረቀም፣ ጌታዬ» አልኩ።

የእንግዶቹ አለቃ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ኢንጂነር ነበረች። ወደ ትልቁ ወንበር ቀረበች። «ቁጥሩ ምንድን ነው?»

«የፋብሪካ ቁጥር ነው። የውጭ ፋብሪካ» አለ ሊቀመንበሩ። መምህሩ ከጎኑ ሆኖ ደብተሩን ከፍቶ ይጽፋል፤ እንግዳ ባለበት የተባለውን ሁሉ መጻፍ ልማዱ ነው።

ኢንጂነሯ በጣቷ መጋጠሚያውን ዳበሰች። «ሚስማር የለውም። ድንቅ ነው! ግን እዚህ ጋ ተሰንጥቆ ነበር መሰለኝ፤ ተጠግኗል። ጥገናው ከመጀመሪያው ሥራ አይለይም እኮ። ለጥገና ወደ ውጭ ልካችሁት ነው?»

ሊቀመንበሩ ቀለበቱን አሽከረከረ። አዎ ቢል ማን ያምነዋል? አንድ ፍርደኛ ጠገነው ቢል፣ ፍርደኛው የውጭ ፋብሪካን እጅ ከየት ተማረ ልትለው ነው።

«እዚሁ ነው የተጠገነው» አለ ቀስ ብሎ።

«በማን? በአባላችሁ?»

ባለብየዳው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። የሊቀመንበሩ ግንባር በላብ ሲያብለጨልጭ አየሁ። «አዎ» አለ። «አባላችን ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። መምህሩ «አባላችን ነው» ብሎ ጻፈና፣ የጻፈውን አይቶ ራሱ ደነገጠ። ግን በስክሪብቶ ነበር የጻፈው።

«የጽሕፈት ቤታችን ወንበር ሁሉ ወላልቋል፤ ይህን ሰው አሳዩኝ» አለች ኢንጂነሯ። ሰልፍ ሆነን ወደ ሼዷ ሄድን። ወንድሜ የታሸገ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ባለብየዳው ቀድሞን ሮጦ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰመረውን መስመር በእጅጌው ይጠርግ ነበር። ኢንጂነሯ መሣሪያዎቹን ማየት ፈለገች። ወንድሜም ሳጥኑን ፈታ፤ ትንሹን መሮ ቀድሞ፣ ትልቁን በመጨረሻ አውጥቶ እንደገና በየሚስማሩ ሰቀላቸው። ለመስቀያ ብቻ ሚስማር ይፈቅዳል።

ዓርብ ጠዋት ቁልፍ የጠየቀው ሰው የለም። የአባልነት ወረቀቱን መምህሩ ራሱ አመጣለት። «ቃሉን እንደገና መረመርኩት፤ ሁለት ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም» አለው። ወንድሜ አመስግኖ ተቀበለው። የምስጋና የምስክር ወረቀቱን ማኅበሩ አላገኘም፤ ወለላችን ርጥበት አለበት ተብሎ ነው።

ሠፈሩ ዛሬም «ፍርደኛው አለ?» ይላል፤ ማንኪያም ይቆጠራል። ሊቀመንበሩ ለእንግዳ ሁሉ ስለ ውጭ እጅ ይናገራል፤ ትንሽ አሳጥሮ እንጂ አልተወም። ስለ ቁጥሮቹ መላግ ያነሣ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሮቹን ገልብጬ ስሰቅል፣ ትልቁን ወንበር ከሥሩ ነው መወልወል የምጀምረው።